«ቱሕፋ» ምን ማለት ነው? ከኪታብ ሽፋን እስከ ባሌ ሳጥኖች

ሮቤ አስተማሪ ሳለን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ተጅዊድ የምናስቀራቸው ልጆች ነበሩ። ኪታቡ «ቱሕፈቱል አጥፋል» ነው። ከልጆቹ አንዱ «ኡስታዝ፣ ‹አጥፋል› ሕፃናት ማለት እንደሆነ ነግረውናል፤ ‹ቱሕፋ›ስ?» ብሎ ጠየቀን። «ስጦታ» ብለን አለፍን። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ግብፅ ተምሮ የመጣ አጎቱ «ቱሕፋ ማለት ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ብርቅ ዕቃ ነው፤ ሙዚየም በዐረብኛ ‹መትሐፍ› የሚባለውም ለዚህ ነው» ብሎታል። «የቱ ነው ትክክል?» አለን።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነገር ግን አንድ ቃል በአንድ በኩል «ስጦታ»፣ በሌላ በኩል «ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ዕቃ» እንዴት ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ያን ዕለት ከሰጠነው መልስ በላይ ይፈልጋል። ለእኛ ለባሌ ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ የነሕውና የሶርፍ ብቻ አይደለም። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን የአያት ኪታብ ምን ብለን እንደምንጠራው፣ ስሙም በዕጣው ላይ ምን እንደሚያመጣ የሚመለከት ነው።

ቃሉ በመዝገበ ቃላት

በ711 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ መንዙር «ሊሳኑል ዐረብ» በተባለው ታላቅ መዝገበ ቃላታቸው ለቱሕፋ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትርጉም ከወርቅም ከዕንቁም ጋር አይገናኝም። ከፍራፍሬና መልካም ሽታ ካላቸው ዕፅዋት ለሰው የሚቀርብ፣ አዲስነቱ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ቀጥሎ ለአንድ ሰው በደግነት የሚደረግለት መልካም ነገር ሁሉ ቱሕፋ እንደሚባል ያስረዳሉ። ግሱ «አትሐፈ» ነው፤ አንዱ ለሌላው ያልጠበቀውን ደስ የሚል ነገር አቀረበለት ማለት ነው።

የቃሉ ሥርም የሚገርም ነው። የቋንቋው ሊቅ አል አዝሀሪ መጀመሪያ ላይ ያለው «ተ» ከ«ወ» የተለወጠ ነው፣ ማለትም አመጣጡ «ውሕፋ» ነው ይላሉ። እንዲህ ያለው ለውጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየኹጥባው የምንሰማው «ተቅዋ» ሥሩ ወ-ቀ-የ ነው፤ መጠበቅ፣ መከለል ማለት ነው። እዚያም «ወ» ወደ «ተ» ዞሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚህ ጥንታዊ ትርጉም ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሰጪና ተቀባይ። ማንም ያልሰጠው፣ ለማንም ያልቀረበ ዕቃ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ገና ቱሕፋ አልሆነም።

ቃሉ በሐዲስ

በቁርአን ውስጥ «ቱሕፋ» የሚል ቃል የለም። ስለ ስጦታ የምናገኘው ቃል «ሀዲያ» ነው፤ የሰበእ ንግሥት ለሱለይማን (ዐ.ሰ) የላከችውና እሳቸው ያልተቀበሉት በሱረቱ ነምል የተጠቀሰው ሀዲያ ነው።

በሐዲስ ግን ቃሉ አለ። ከሁሉም ግልጽ የሆነው በሶሒሕ ሙስሊም ከሰውባን (ረ.ዐ) የተዘገበው ነው። አንድ የአይሁድ ሊቅ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ በተከታታይ ይጠይቃቸዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ የጀነት ሰዎች ገና ሲገቡ ቱሕፋቸው ምንድን ነው የሚል ነበር። መልሱም የዓሣ ጉበት ትርፍ ክፍል የሚል ሆነ። ከዚያ ሊቁ ስለሚቀጥለው ምግባቸውና ስለ መጠጣቸው ይጠይቃል። ስለዚህ ቱሕፋ በዚህ ሐዲስ ዋናው ማዕድ አይደለም፤ እንግዳው ደጃፍ እንዳለፈ፣ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት የሚቀመስ የመጀመሪያው ጉርሻ ነው። የባሌ ሰው ይህን ለመረዳት ሐተታ አያስፈልገውም። እንግዳ ሲመጣ ምግቡ እስኪደርስ በቅቤ የተጠበሰው ቡና ቀላ ይቀርብለታል፤ ያ ቱሕፋ ነው።

ቲርሚዚ የዘገቡት ሌላ ሐዲስ አለ፤ የጾመኛ እንግዳ ቱሕፋ ቅባትና ዕጣን ነው የሚል ሐሳብ ያለው። ሰነዱ ደካማ መሆኑን ራሳቸው ቲርሚዚ ጠቁመዋል፤ ለሑክም አናቀርበውም። ለቋንቋ ግን ይጠቅማል። መብላት የማይችል እንግዳ እንኳ ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ የሚቀርብለት ነገር በዚያ ዘመን ሰዎች አፍ ምን ይባል እንደነበር ያሳያል።

ከሐበሻ የሄዱት ስጦታዎች

ስለ ብርቅ ዕቃና ስለ ስጦታ ስናነሳ የራሳችንን አገር ታሪክ መዝለል አይቻልም። ቡረይዳ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነጃሺ ለነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጌጥ የሌላቸው ሁለት ጥቁር ኹፎች ልከውላቸዋል። እሳቸውም አጠለቋቸው፤ ውዱእ ሲያደርጉም በላያቸው ላይ አበሱ። ሐዲሱን አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። ዛሬ በብርዳማው የሮቤና የጎባ ጠዋት በኹፍ ላይ የሚያብስ ሁሉ በኪታብ ላይ ከሚያገኛቸው ማስረጃዎች አንዱ ከገዛ አገሩ የሄደ ጫማ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ሁለተኛው በዓኢሻ (ረ.ዐ) የተዘገበ ነው። ከነጃሺ ዘንድ ጌጣ ጌጥ መጣ፤ በውስጡም የሐበሻ ፈርጥ ያለበት የወርቅ ቀለበት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀለበቱን ከራሳቸው አራቁ፤ ከዚያ የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ጠርተው እንድታጌጥበት ሰጧት።

በሁለቱም ዘገባ ላይ ያለው ግስ ከ«ሀዲያ» የመጣ እንጂ «ቱሕፋ» አይደለም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገሩ ግን ቃሉ የሚገልጸው ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ፣ መዲና ውስጥ አቻ የሌለው ዕቃ ነው። አንዱ እግር ላይ ዋለ፤ ሌላው የአንዲት ትንሽ ልጅ ጣት ላይ። ለትዕይንት ተብሎ የተቀመጠ አልነበረም።

ለምን ኪታቦች በዚህ ስም ይጠራሉ?

የኪታብ ገበያ የገባ ሰው በዚህ ቃል የሚጀምሩ ርዕሶች ብዛት ይገርመዋል። ልጆቹ የጠየቁን «ቱሕፈቱል አጥፋል» በግብፃዊው ሱለይማን አል ጀምዙሪ በ1198 ዓመተ ሂጅራ የተዘጋጀ የ61 በይት ነዝም ነው። የኑን ሳኪና የተንዊን፣ የሚም ሳኪን፣ የመድ ሕግጋትን ልጅ በቃሉ እንዲይዝ አድርጎ ያቀርባል። ለሕፃናት የተሰጠ ቱሕፋ ነው፤ ዋጋውም ልጁ ሲቀራው ነው የሚታወቀው።

በሻፊዒይ መዝሀብ ፊቅህ የቀራ ሁሉ «ቱሕፈቱል ሙሕታጅ»ን ያውቃል። ኢብኑ ሐጀር አል ሀይተሚ የኢማም ነወዊን «ሚንሃጅ» ያብራሩበት ነው፤ ከረምሊ «ኒሃያ» ጋር የመዝሀቡ ኋለኛ ዑለማዎች ለፈትዋ የሚደገፉበት። «ሙሕታጅ» ችግረኛ፣ ፈላጊ ማለት ነው። ርዕሱን ሲያዩት ብርቅ ዕቃው የተሰጠው ለንጉሥ ሳይሆን ለችግረኛ ነው። የቲርሚዚ ሸርሕ የሆነውና ሕንዳዊው ሙባረክፉሪ ያዘጋጁት «ቱሕፈቱል አሕወዚ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የምንወደው ግን የኢብኑል ቀዪም «ቱሕፈቱል መውዱድ ቢ አሕካሚል መውሉድ» ነው። ስለ አቂቃ፣ ስለ ስም አወጣጥና ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚናገር ኪታብ ነው። ለልጃቸው ልጅ ተወልዶለት የሚሰጡት ገንዘብ ባለማግኘታቸው ይህን ጽፈው «ስጦታዬ ይኸው» እንዳሏቸው ይተረካል። ገንዘብ ያጣ አያት ስጦታ እስከ ዛሬ በመላው ዓለም ይታተማል።

ለታሪክ አንባቢያን ደግሞ አንድ እንጨምር። ዐረብ ፈቂህ ስለ ኢማም አሕመድ ዘመቻዎች የጻፈውና የባሌን ጉዳይም የያዘው ታዋቂው «ፉቱሑል ሐበሻ» እ.ኤ.አ. በ1974 ካይሮ ላይ ሲታተም ሽፋኑ ላይ «ቱሕፈቱ ዘማን» የሚል ስምም ነበረው፤ የዘመኑ ስጦታ ማለት ነው። ጦርነትን የሚተርክ መጽሐፍ እንዲህ መባሉ ለጆሯችን ቢከብድም ስሙ ስለ ይዘቱ አይደለም። ጸሐፊው ለአንባቢው የሚያቀርበው የሥራው ፍሬ ነው።

ስጦታው እንዴት ወደ ብርቅ ዕቃ ዞረ?

መንገዱ በቤተ መንግሥት በኩል አለፈ። ነገሥታት እርስ በርስ የሚላላኩት ስጦታ በተቀባዩ አገር የማይገኝ መሆን ነበረበት፤ በአገር ያለውን ለንጉሥ ማን ይልካል? ስለዚህ እንግዳ እንስሳ፣ ልዩ ጨርቅ፣ ያልታየ ዕቃ ተመረጠ። በ5ኛው ክፍለ ዘመነ ሂጅራ የተጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1959 በሙሐመድ ሐሚዱላህ አዘጋጅነት ኩዌት ላይ የታተመው «ኪታቡ ዘኻኢር ወት ቱሐፍ» ይህን ዓይነት የነገሥታት ስጦታና ሀብት የሚዘረዝር ነው። እዚያ ውስጥ «ቱሐፍ» (የቱሕፋ ብዙ ቁጥር) ሲባል አንባቢ ወዲያውኑ ወደ አእምሮው የሚመጣው ውድና እንግዳ ዕቃ ነው።

ኢብኑ በጡጣ ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ1355 ሲያጽፍ የመጽሐፉ ሙሉ ርዕስ ሦስት ቃላትን አንድ ላይ ያዘ፦ ቱሕፋ፣ ገራኢብ፣ ዐጃኢብ። ለተመልካቾች የቀረበ ስጦታ፣ ስለ ከተሞች እንግዳ ነገሮችና ስለ ጉዞ ድንቃ ድንቆች ማለት ነው። «አጃኢብ!» ስንል በየቀኑ የምንጠቀምበት ቃል ከዚሁ ቤት ነው። የሚያስቀው፣ ሰውዬው ከሐበሻ ምድር ያየው የባሕሩን በር ዘይላን ነው፤ ከዚያም ያስታወሰው የዓሣ ሽታና በየመንገዱ የሚታረድ ግመል ደም ነበር። ሽታውን ሸሽቶ ያደረው መርከብ ላይ ነው። የባሌን ደጋ ቢያይ ኖሮ ሌላ ይጽፍ ነበር ብለን እናስባለን።

ከዚያ አዲሱ ዘመን መጣ። ካይሮ ውስጥ የጥንት ዕቃ የሚታይበት ቤት ቀድሞ «አንቲክኻና» ይባል ነበር፤ «አንቲካ» ከአውሮፓ ቋንቋ፣ «ኻና» ከፋርስ በቱርክ በኩል የመጣ ነው። ዐረቦች የራሳቸውን ቃል ሲፈልጉ ከቱሕፋ «መትሐፍ»ን አወጡ፤ የቱሕፋ ቦታ ማለት ነው። በሰዋስው ጠንቃቆች «ሙትሐፍ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሕዝቡ ግን «መትሐፍ» ብሎ ይዞታል። እዚህ ላይ ሰጪውና ተቀባዩ ከቃሉ ወጥተው ዕቃው ብቻውን ቀረ።

የእኛ አማርኛ ሌላ መንገድ ሄዶ ነበር። «ቤተ መዘክር» አለ። «መዘክር» ከዘከረ ነው፤ «ዚክር» ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ ማስታወስ። የማስታወሻ ቤት! «ሙዚየም» የሚለው ቃል አሸንፎት መቅረቱ ያሳዝነናል።

«ብርቅ»፣ «ብርቅዬ» እና የባሌ ደጋ

በአማርኛ ለእንግዳና ውድ ነገር የምንለው «ብርቅ» ነው። ፊደሎቹ «መብረቅ» እና «ተብረቀረቀ» ውስጥ ያሉት ናቸው፤ በዐረብኛም «በርቅ» መብረቅ ነው፣ የኢስራእ ሌሊት መጓጓዣ የሆነው ቡራቅ ስሙ ከዚሁ እንደሆነ ዑለማዎች ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ብርቅ ስንል የምናስበው ዓይን ላይ ብልጭ የሚለውን ነው። በቱሕፋ ውስጥ ግን የሚታየው የሚሰጠው እጅ ነው።

ባሌ «ብርቅዬ» ከሚለው ቃል ጋር በብዛት የሚነሳ አገር ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ሪያድ ላይ በተደረገው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የሁሉም አፍ ላይ የነበረው ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ነበር። የሳነቴ እረኛ ግን ቀይ ቀበሮን «ጄዳላ ፈርዳ» ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፣ የምትወልድ ባዝራን ስለሚከተል። ይህ ስም የወጣው አብሮ ከመኖር ነው። የደጋ አጋዘንን ደግሞ የአውሮፓ ሳይንስ ያወቀው አንድ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ ከወሰደው በኋላ ነው፤ በ1910 ለንደን ላይ የአዳኙ ስም ተሰጠው። የአርሲና የባሌ ገበሬ እስከዚያ ድረስ እንስሳውን ያላየው ይመስል። ብርቅነት እንግዲህ በዕቃው ውስጥ ያለ ነገር አይደለም። ከሩቅ በመጣው ሰው ዓይን ውስጥ ነው ያለው።

ዐረብኛው ለዚህ የተለየ ቃል አለው፤ «ገሪብ»፣ እንግዳ፣ ባይተዋር። ቲርሚዚ «ሐሰን ገሪብ» ሲሉ በአንድ መንገድ ብቻ የመጣ ሐዲስ ማለታቸው ነው። በባሌ ደግሞ ቃሉ ሰው ሆኖ ይሄዳል። ባላ በትር ይዘው፣ ከመንደር መንደር እየዞሩ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙት «ጋሪባ» ይባላሉ። ስለ ዚያራው ሑክም ዑለማዎቻችን የተናገሩትን ለእነሱ እንተዋለን፤ እዚህ የያዝነው ቃሉን ነው። ጋሪባ እንግዳ ቢሆንም የሚያሳድረው ቤት አያጣም።

እ.ኤ.አ. በ1894 ወደ ሼክ ሁሴን ሌላ ዓይነት ገሪብ መጥቶ ነበር። አሜሪካዊው ዶክተር ዶናልድሰን ስሚዝ ከበርበራ ተነሥቶ ሸበሌን ተሻግሮ እዚያ ደረሰ፤ የሶፍ ዑመርን ዋሻም አይቶ በ1897 ባሳተመው መጽሐፍ ለምዕራቡ ዓለም አስተዋወቀ። በጉዞዎቹ የሰበሰባቸው የሰዎች መገልገያ ዕቃዎች ዛሬ በፊላደልፊያ የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ። ለባለቤቱ የወተት ዕቃ፣ በትር ወይም ጋሻ የነበረው እዚያ ሲደርስ ቁጥር ተለጥፎበት እንግዳ ዕቃ ሆነ።

ወደ ሳጥኖቹ እንመለስ

በባሌ ብዙ ቤት ውስጥ ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥም ኪታብ። በእጅ የተጻፈ ሙስሐፍ፣ የመውሊድ ኪታብ፣ ሚንሃጅ፣ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ መንዙማ፣ አልፎ አልፎም የሼክ ሁሴን መናቂብ የሆነው «ረቢዑል ቁሉብ»። እነዚህን ፍለጋ የሚመጡ ገዢዎች አሉ፤ ቃላቸውም «አንቲካ» ነው።

ጎባ ውስጥ አንድ ቤት እንግዳ ሆነን ሳለ እንዲህ ያለ ገዢ መጣ። «ሐጂ፣ ይሄኮ አንቲካ ነው! እዚህ አይጥ ከሚበላው ለሚያውቀው ይሂድ፤ ደህና ብር እከፍላለሁ» አላቸው። ሐጂ ዓይናቸው ደክሟልና የመጀመሪያውን ቅጠል እንድናነብላቸው ሰጡን። ኪታቡን ያስጻፈው ሰው በአንድ መስጂድ ለሚቀሩ ደረሶች ወቅፍ ያደረገው መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ሐጂ «ታዲያ የኔም አይደለማ!» አሉ። ገዢው ዋጋ ጨመረ። እሳቸው አልመለሱለትም፤ ልጃቸውን ጠርተው ቡና ቀላ እንድታቀርብለት አዘዙ።

የዚህ መሠረት የታወቀ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉ ዋናው እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ደነገጉ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ወቅፍ የተባለ ኪታብ እንግዲህ በቋንቋውም ቱሕፋ ሊሆን አይችልም። ቱሕፋ ከባለቤት እጅ ይወጣል፤ ወቅፍ ግን የሚሰጠው ባለቤት ስለሌለው ለወዳጅም ቢሆን አይበረከትም። ወቅፍ ያልተባለው ደግሞ የወራሾች ሁሉ ሐቅ ነው፤ አንዱ ወንድም ሌሎቹ ሳያውቁ ሊሸጠው አይገባም።

የአገሪቱ ሕግም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በእጁ እንዲኖረው ይፈቅዳል፤ ከአገር ማውጣት ግን ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ካልሆነና ፈቃድ ካልተገኘ በቀር ክልክል ነው። «አዲስ አበባ ላለ ሰው ነው የምወስደው» የሚል ገዢ መጨረሻው የት እንደሆነ አይናገርም።

«ታዲያ አይጥ ይብላው?» ለሚለን፦ አይብላው። ሐረር ውስጥ አብዱላሂ ዐሊ ሸሪፍ ከከተማው ቤቶች የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች ተጠግነው፣ ተጠርዘው በከተማዋ እንዳሉ ናቸው፤ የሐረር ልጅ የአያቱን ኪታብ ሄዶ ያያል። አዲስ አበባም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት የእጅ ጽሑፍ ይይዛሉ። ባሌ ውስጥ ደግሞ መስጂዶቻችን አሉ፤ አንድ ደረቅ ክፍልና አንድ ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ብዙ ወጪ አይደለም።

ቤት ውስጥ ላለውም ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። ኪታቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ፣ ከእርጥበት አርቆ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ነው። የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍም ሆነ በፕላስቲክ ማሸግ ወረቀቱን ይጎዳል። ከዚያ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ሲያነሱ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጠል እንዳይዘሉ፤ የወቅፉ ቃል ብዙ ጊዜ ከፊት፣ የጸሐፊው ስምና የሂጅራው ዓመት ከኋላ ነው የሚገኘው። ዳር ላይ የተጻፈውንም አብረው ያንሱ፤ የልጅ መወለጃ ቀን ወይም የብድር ማስታወሻ ሊሆን ይችላል፤ እሱም የቤቱ ነው።